ጆሮውን ይክፈት፣ አፉን ግን…

ወዳጆች፤ አንድ ወጣት የአማተር ሬዲዮውን ክዳን ፈትቶ ሶልደር ሲያደርግ ብናይ ብዙዎቻችን ቶሎ እንጠረጥረዋለን። ግን እኮ አማተር ሬዲዮ ባለፈቃዱ መሣሪያውን ራሱ እንዲሠራና እንዲያሻሽል በብዙ አገር የሚፈቀድበት ዘርፍ ነው። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ አገሮች የባለፈቃዱን የቴክኒክ ብቃት እንዲያረጋግጡ የሚያዘውም ያለ ምክንያት አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ማሻሻያ ሁሉ አንድ አይደለም። ጠባብ ማጣሪያ መጨመር የመሣሪያውን ጆሮ ያጠራል፤ ማንንም አይጎዳም። በብዙ መሣሪያዎች ላይ ግን አንዲት ዳዮድ ወይም ሬዚስተር ማንሳት ብቻ ከአማተር ክልል ውጭ ማስተላለፍን ይፈቅዳል። ይህ አፉን መክፈት ነው። በእኛ ቀጠና የ2 ሜትር ባንድ ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ነው። ከዚያ አለፍ ሲሉ 156.8 ላይ የመርከቦች የአደጋ ጥሪ አለ፤ በብዙ አገር አምቡላንሱም ፖሊሱም እዚያው አካባቢ ያወራል። እዚያ መሃል የሚገባ ቀልድ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ታዲያ ሶልደሩን እንቀማ? በፍጹም። ሞገድ አይደበቅም፤ የሚያውክ ካለ በአቅጣጫ ጠቋሚ አንቴና ተፈልጎ ይገኛል። መሣሪያ የፈታውን ሁሉ ማሳደድ ግን የሚያተርፍልን የሚፈራ ትውልድ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የኢቲ3ኤኤ ክበብ ጣቢያ ዓይነት ቦታ ቢበዛ፣ ልጆቹ ዳዮዷ ለምን እንደተቀመጠች ከማንሳታቸው በፊት ይማራሉ።

የፈታውን ሳይሆን ያወከውን እንጠይቅ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?