ወርቁ ያልገባው ማን ነው?

ስኪዞፍሬኒያ ያለበትን ሰው በአንድ ቃል «አይገባውም» ብሎ መደምደም የተለመደ ነው። ሆኖም ብልህነትና የሌላውን ሐሳብ መረዳት ተዛማጅ እንጂ አንድ አይደሉም። ብሪታንያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ክሪስ ፍሪዝ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንዳንዶቹ የሕመሙ ምልክቶች የሰውን ሐሳብና ፍላጎት የመገመት ችሎታ ከመታወኩ እንደሚመነጩ ሞግቷል። በ1995 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናትም አንዳንድ ታማሚዎች በተዘዋዋሪ የተነገረን ፍላጎት መረዳት እንደሚከብዳቸው አሳየ። የኋለኞቹ ጥናቶች ችግሩን በብልህነት ማነስ ብቻ ማስረዳት እንደማይቻል አመልክተዋል።

በባዕድ አገር ለምንኖር ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ፈተናው ቅኔን ይመስላል፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ማውጣት። እንግዳ «በቃኝ» ሲል ከይሉኝታ መሆኑን ዐውቀን «በሞቴ» እንላለን፤ ስቶክሆልም ያደገ መርማሪ ይህን ላያውቅ ይችላል። አስተርጓሚ ቢኖርም፣ ሰሙን ብቻ ካሻገረ ፍንጩ ይጠፋል፤ ወርቁን ከገለጠ ፈተናው ይፈርሳል። በሁለተኛ ቋንቋ የተገኘ ዝቅተኛ ውጤት እንግዲህ ሕመምን፣ ቋንቋንና ባህልን ቀላቅሎ ይለካል።

ይህ ጉድለቱን መካድ አይደለም። ችሎታው ከዕለት ተዕለት ኑሮ ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ስለሆነ በትክክል ተለክቶ በሥልጠና ሊታገዝ ይገባል። ነገር ግን ፈተናዎቹ በአማርኛ እስኪዘጋጁና ከጤናማ አማርኛ ተናጋሪዎች ውጤት ጋር እስኪመዘኑ ድረስ፣ ውጤቱ ብቻውን የሰውን የሥራ ብቃት ወይም የልጅ አሳዳጊነት መብት መወሰን የለበትም። ይህን መጠየቅ በየአገሩ ያለን ሐኪሞችና የሕግ ባለሙያዎች ድርሻ ነው።