ጉርድ ፎቶግራፍ በእንጨት ላይ ሲቀረጽ፦ ለመሣሪያው የማይተው ውሳኔ

መርካቶ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ከተደረገበት ጊዜ ጀምሮ፣ ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ሙያም የሚገበይበት ሥፍራ ሆኖ ኖሯል። ምናለሽ ተራ ያረጀ በርሜል ምድጃ፣ ያለቀ ጎማ ጫማ የሚሆንበት ነው። እንዲህ ባለ ገበያ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ነጋዴው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ያህል ያወጣል?» ብሎ ነው። የሳይንስ ተማሪ ግን «እንዴት ይሠራል? የት ላይስ ይስታል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ጥያቄ በኮምፒዩተር ለሚታዘዘው የእንጨት መቅረጫ፣ በተለምዶ ሲኤንሲ ለሚባለው መሣሪያ፣ ማቅረብ ነው።

የመቁረጫ መሣሪያን በቁጥር የማዘዝ ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ጆን ፓርሰንስ ያፈለቀው ሐሳብ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተዳብሮ እ.ኤ.አ. በ1952 በተግባር ታይቷል። የዛሬው መቅረጫ በሦስት አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል፦ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች። ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ቁጥር ይልካል፤ ሞተሮቹም ቁጥሩን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጡታል። በአዲስ አበባ የእንጨት ሥራ ቤቶች በበርና በአልጋ ላይ ጌጥ ለመቅረጽ የሚያገለግለው ይኸው መሣሪያ፣ የሰውን ፎቶግራፍም መቅረጽ ይችላል። ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒዩተር ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍን የሚያውቀው በቁጥር ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 255 ያለ ዋጋ ይሰጠዋል፤ 0 ፍጹም ጥቁር፣ 255 ፍጹም ነጭ ነው። ይህን ቁጥር በቀጥታ ወደ ከፍታ መለወጥ ቀላል ይመስላል፦ ነጩ ከፍ፣ ጥቁሩ ዝቅ ይበል። ነገር ግን ብርሃን ከፍታ አይደለም። ጥቁር ጠጉር ከግንባር በላይ ሆኖ ሳለ ጉድጓድ ይሆናል፤ ብርሃን ከቀኝ ከመጣ የቀኙ ጉንጭ ጉብታ፣ የግራው ሸለቆ ይሆናል። ካሜራው የመዘገበው ከፊቱ ተንጸባርቆ የመጣውን ብርሃን እንጂ የፊቱን ቅርጽ አይደለም።

የተሻለው ዘዴ ጋዜጣ ፎቶግራፍ ከሚያትምበት መንገድ ጋር ይመሳሰላል። ፊቱ ጥቁር የተቀባ ጣውላ ይዘጋጃል፤ ጫፉ ሾጣጣ የሆነ መቁረጫም ትይዩ መስመሮችን ይቆርጣል። የመቁረጫው ጫፍ 90 ዲግሪ ከሆነ፣ የቦዩ ስፋት ሁልጊዜ የጥልቀቱ እጥፍ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ጠለቅ ሲል ቦዩ ይሰፋል፤ ብዙ ነጣ ያለ እንጨትም ይገለጣል፤ ከርቀት የሚያይ ዐይን ይህንን እንደ ብርሃን ይቆጥረዋል። 400 በ300 ሚሊ ሜትር የሆነ ምስል በ2 ሚሊ ሜትር ርቀት በተሰመሩ መስመሮች ቢቀረጽ 150 መስመር፣ በድምሩም 60 ሜትር ጉዞ ያስፈልገዋል። መሣሪያው በደቂቃ 2 ሜትር ቢሄድ ሥራው በ30 ደቂቃ ያልቃል።

ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። አንድ ቤተሰብ የሟች አባቱን ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ መጣ እንበል። ጀርባው ነጭ መጋረጃ፣ ሸሚዙ ነጭ፣ ፊቱ ጠይም ነው። የፊቱ ነጥቦች ዋጋ በ40 እና በ90 መካከል ነው እንበል። ከፍተኛው ጥልቀት 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የፊቱ ጥልቀት ከ0.16 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ዐይኑ፣ ከንፈሩና የጉንጩ መስመር፣ ማለትም ሰውየውን እርሱ የሚያደርገው ሁሉ፣ በ0.2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ውስጥ ተጨናንቆ ይቀራል። ጣውላው ያን ያህል ቢጎብጥ እንኳ ፊቱ ይጠፋል። መጋረጃውና ሸሚዙ ግን ፏ ብለው ይታያሉ።

«ፕሮግራሙ ራሱ ያስተካክለዋል» የሚል አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ግን አያስተካክለውም። የተለመደው ቀጥተኛ ማስተካከያ የሚያየው የምስሉን ትንሹንና ትልቁን ዋጋ ነው፤ ነጩ መጋረጃ ወደ 255፣ ጥቁሩ ጠጉር ወደ 0 የሚጠጋ በመሆኑ ምስሉ ሙሉ መስሎ ይታየዋል። መፍትሔው ግን የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው፦ ከእያንዳንዱ ዋጋ 40 መቀነስ፣ ቀሪውን በ50 ማካፈል፣ በ255 ማባዛት፤ ከ0 በታች የወረደውን 0፣ ከ255 በላይ የወጣውን 255 ማድረግ። ያን ጊዜ ፊቱ ሙሉውን 1 ሚሊ ሜትር ያገኛል፤ ሸሚዙ ግን እጥፋቱን ያጣል። ከሸሚዙ ይልቅ ፊቱ ይበልጣል ብሎ መወሰን የሰው እንጂ የመሣሪያው ሥራ አይደለም። የእኔም አቋም ይኸው ነው፤ ይህን ውሳኔ ሌላ አገር ለተጻፈ ፕሮግራም መተው አይገባንም።

ለዚህ ስጋት ታሪካዊ መሠረት አለው። የኮዳክ ኩባንያ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለፎቶግራፍ አጣቢዎች ያቀርባቸው የነበሩት የቀለም ማስተካከያ ካርዶች ለረዥም ጊዜ የነጭ ሴት ምስል የያዙ ነበሩ። የቆዳ ቀለም ትክክል መሆኑ የሚለካው በእርሷ ነበር። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሰዎች የሚታዩባቸው ካርዶች የተስፋፉት በ1990ዎቹ ነው። በሁሉም መሣሪያ ውስጥ «መካከለኛው ይህ ነው» ያለ ሰው አለ፤ የእርሱን መካከለኛ ሳንመረምር ከተቀበልን የራሳችን ፊት ከዳር ይቀራል።

መሣሪያው የእጅ ባለሙያውን እንጀራ ይነጥቃል የሚሉ ወገኖች አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ጌጥ መቶ ጊዜ መድገም የመሣሪያው ሥራ ይሆናል። ሆኖም በኮንሶ ለጀግኖች መታሰቢያ የሚቆመውን ዋካ የሚያስተውል ሰው፣ መሣሪያው የጎደለውን ነገር ያገኛል። ዋካን የሚቀርጸው ባለሙያ ጥላን አይገለብጥም፤ አፍንጫ ከጉንጭ ከፍ እንደሚል፣ ዐይን ወደ ውስጥ እንደሚገባ ያውቃል። የመርካቶው እንጨት ቀራጭም ይህ እውቀት አለው። ተማሪው ሒሳቡን፣ ቀራጩ ዐይኑን ይዘው በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ሒሳቡ ብቻውን ሸሚዙን ከፊቱ አይለይምና።

ስለዚህ ለውድ አንባብያን አንድ ተግባራዊ ሐሳብ አቀርባለሁ። የእያንዳንዱ እንጨት ጠባይ ልዩ ነው፤ ዝግባ ሾጣጣ ፍሬ ከሚያፈሩ ዛፎች ወገን በመሆኑ ትልልቅ የውኃ ቧንቧ የለውም፤ ስለዚህም ስስ መስመር ይቀበላል። ዋንዛ ግን ቀዳዳው ሰፋ ያለ ነው፤ ስስ ልዩነትን ይውጣል። ከጥቁር እስከ ነጭ አሥር እርከን ያለው የግራጫ መሰላል አዘጋጅታችሁ፣ በዝግባ፣ በዋንዛ፣ በባሕር ዛፍና በኤምዲኤፍ ቁርጥራጭ ላይ አስቀርጹ። የትኞቹ ሁለት እርከኖች ተመሳስለው እንደታዩ፣ ቦዮቹም ምን ያህል እንደሰፉ ለክታችሁ በሰንጠረዥ መዝግቡ። ሰንጠረዡን ለቀራጩ ስጡት፤ በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው። ለዚህ የሚያስፈልገው ትርፍ ቁርጥራጭ እንጨት፣ አንድ ቬርኒየር መለኪያና ጥቂት ቅዳሜዎች ናቸው።

እንዲህ ያለው ሰንጠረዥ ትንሽ ሥራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የአባቱን ፎቶግራፍ ይዞ የሚመጣ ሰው ከፍሎ የሚወስደው ነጭ ሸሚዝ ወይስ የአባቱን ፊት እንደሚሆን የሚወስነው እርሱ ነው።