ለወንጀል ተከሳሽ ጠበቃ አለ፤ ለእናትስ?

«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ዛሬ ውኃውን ለማስቆም መጀመሪያ ማመልከቻ ማስጻፍ፣ ከዚያ ዳኝነት መክፈል፣ ከዚያ ደግሞ ጠበቃ መያዝ ያስፈልጋል። ኪሱ ባዶ የሆነውን ሰው ውኃው ይዞት ይሄዳል!

በቀደም ለግል ጉዳዬ ወደ አንድ ፍርድ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። በሩ ላይ ከተደረደሩት ራፖር ጸሐፊዎች በአንዱ ፊት አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ቆማለች። ባሏ ሁለት ልጆች ጥሎባት ከሄደ ዓመት አልፎታል። «እናቴ፣ ፍቺ ነው ወይስ ቀለብ የምትጠይቂው?» አላት። «እኔ ምን አውቄ ወንድሜ፣ አንተ የሚበጀኝን ጻፍልኝ» አለችው። በቃ! የትዳሯና የልጆቿ ዕጣ በዚህች መልስ ተወሰነ። «እታለም፣ ጠበቃ ለምን አልያዝሽም?» ብላት፣ የተጠየቀችው ሂሳብ እንጀራ ጋግራ በስድስት ወር የምታገኘው ነው።

ሕጉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ሚስትን ከባሏ እኩል አደረጋት። ፍቺንም ከቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እጅ አውጥቶ ለፍርድ ቤት ሰጠ። እሰየው ብለናል። ይሁን እንጂ ሽማግሌ ፊት በአፍ ይነገር የነበረው ጉዳይ አሁን በጽሑፍ፣ በማስረጃና በቀጠሮ ሆኗል። መብቱን ሰጥቶ የመብቱን ቋንቋ የሚናገርላትን ሰው መንፈግ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ላይ፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጣና ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል የወንጀል ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ያዛል። ይገባዋል፤ ማንም አይከፋም። ዳሩ ግን ሰው ገድለሃል ለተባለው ጠበቃ ሲቆም፣ ልጇን ልትነጠቅ የደረሰችው እናት በዚያ አንቀጽ ውስጥ የለችም። የእሷስ ጥፋት ማግባቷ ነው?

እርዳታ ጭራሽ የለም ብለን አንዋሽም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ድህነቱን ያስረዳ ሰው ዳኝነት ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል። «በደሃ ደንብ» ይባላል። ስሙን ያዙት፤ ካልጠየቃችሁ ማንም ላይነግራችሁ ይችላል። የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለስንቷ እናት በነፃ ተሟግቷል። ዩኒቨርሲቲዎችም የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ነገር ግን መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ፣ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ከልክሎ እጃቸውን አሰረ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ አሥር ዓመታት በሩ የተዘጋው በማን ላይ ነበር? በባለሥልጣን ሚስት ላይ?

ጠበቆቻችንንም አንምርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ምግባር ደንባቸው እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዞ ነበር። ማን ሠራው? ማንስ ቆጠረው?

የምንጠይቀው ተአምር አይደለም። በየቤተሰብ ችሎቱ በር አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ደመወዙን መንግሥት የሚከፍለው አንድ የሕግ ባለሙያ ይቀመጥ። የነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ጠበቆች ስምና ተራ ደግሞ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ለስብሰባና ለድግስ የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ አያንስም።

ያቺ ሴት የተጻፈላትን ወረቀት ገልብጣ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ማንበብ አትችልም። ዳኛው «ምንድን ነው የጠየቅሽው?» ሲሏት ምን ትመልስ ይሆን? በሕግ አምላክ!