በሩን የያዘው ማን ነበር? ከይፋት ቆላ የተሰጠ ምላሽ

«ጌት» የተሰኘው የጃፓን አኒሜ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በ24 ክፍሎች ለእይታ በቅቷል። መነሻው በጃፓን የራስ መከላከያ ኃይል ውስጥ ያገለገለው ያናይ ታኩሚ የጻፈው ልቦለድ ነው። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ጊንዛ በተባለው የቶኪዮ የገበያ ሰፈር ድንገት አንድ በር ይከፈታል። ከበሩ ማዶ ካለው ዓለም ጦርና ጋሻ የያዘ፣ በሚበር ዘንዶ የታጀበ ሠራዊት ወጥቶ ሰላማዊውን ሕዝብ ይፈጃል። ጃፓኖቹ ወራሪውን ይመቱና በዚያው በር ተሻግረው አልኑስ በሚባል ኮረብታ ላይ ይሰፍራሉ። ከዚያ ወዲህ ታንክና ሄሊኮፕተር ፈረሰኛንና ቀስተኛን ሲረቱ እናያለን።

ስለዚህ ሥራ ብዙ ተብሏል። አንዱ ወገን የጦር ሠራዊት ማስታወቂያ ነው ብሎ ይነቅፈዋል። ሌላው ወገን ስደተኛን መርዳትን፣ ድርድርንና የፓርላማ ክርክርን ሳይቀር የሚያሳይ አስተዋይ ድርሰት ነው ብሎ ይሟገትለታል። ሁለቱም ግን በአንድ ነጥብ ይስማማሉ፦ ዘንዶውንና አስማቱን ትተን፣ ዘመናዊ ጦር መሣሪያው ወዳልዘመነ አገር ቢገባ የሚሆነው ይኸው ነው ይላሉ። ነፍጥ ያለው ይረታል፣ የሌለው ይገብራል።

ይህ አስተያየት የአኒሜ ተመልካቾች ብቻ ቢሆን ኖሮ ምላሽ ባላስፈለገው። የኛም የታሪክ አነጋገር ግን ከዚሁ ምንጭ ይቀዳል። የግራኝ ዘመን ሲነሳ የቱርክ ነፍጥ፣ መቅደላ ሲነሳ የእንግሊዝ መድፍ፣ ማይጨው ሲነሳ የጣሊያን አውሮፕላን ይጠቀስና ክርክሩ ይዘጋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። የሩቅ አገር ጦር ወደማያውቀው ምድር ሲገባ የዘመቻውን ዕጣ በአብዛኛው የሚወስነው መንገዱና የመንገዱ ባለቤት ነው። መሣሪያው ዋጋ የሚኖረው መንገዱ ከተገኘ በኋላ ነው። ለዚህ ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

በመጀመሪያ አኒሜው ምን እንደሸሸገ እንይ። ተመልካቾቹ «እውነታውን የጠበቀ» የሚሉት መሣሪያዎቹ በጥንቃቄ ስለተሣሉ ነው። ጠመንጃው 64 የተባለው አሮጌ ሞዴል፣ ታንኩም 74 የተባለው ያረጀ ዓይነት ነው፤ ሠራዊቱ ድንገት ለቆ መውጣት ቢኖርበት ጥሎት ቢሄድ እንዳይቆጭ የተመረጠ ነው። ይህ የባለሙያ እጅ ያለበት ዝርዝር ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ነዳጅ፣ ጥይትና ቀለብ ከየት ይመጣል? ከጊንዛ። የአንድ ታላቅ ከተማ መጋዘን ከጦሩ ሰፈር የሚለየው አንድ በር ብቻ ነው። በመካከሉ በረሃ የለም፣ ውኃ የሚጠፋበት ቀን የለም፣ ኬላ የለም፣ ቀራጭ የለም፣ «ጌታዬ እስኪፈቅዱ ቆዩ» የሚል ባላባት የለም። ከዘንዶውም ከአስማቱም ይልቅ በዚህ ድርሰት ውስጥ ትልቁ ተረት ይህ በር ነው።

ይፋት ግን እውነተኛ በር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 የብሪታንያ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መኮንን ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከቦምቤይ ተነሥቶ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። ከሱ ጋር መኮንኖች፣ ሐኪም፣ የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ ሠዓሊና ወታደሮች ነበሩ፤ ጠመንጃና መድፍም ለእጅ መንሻ ይዘዋል። በዘመኑ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የያዘ ቡድን በዚያ አካባቢ አልነበረም። ሆኖም ከታጁራ ወደብ አንሥቶ የአሳልን የጨው ሐይቅ አልፎ እስከ ይፋት ድረስ የቡድኑ ሕይወት በግመል ነጂዎችና በአፋር መንገድ መሪዎች እጅ ነበረ። መቼ እንደሚጓዙ፣ የት እንደሚያድሩና ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚጠጡ የሚወስኑት እነዚያው ነበሩ። አንድ ሌሊት በሰፈሩበት ሸለቆ ሁለት እንግሊዛውያን ወታደሮችና አንድ ፖርቱጋላዊ ወጥ ቤት በተኙበት ተገደሉ። የያዙት ነፍጥ ከዚያ አላዳናቸውም።

ይፋት ደርሰው ፋሪ ላይ ሲሰፍሩ ደግሞ ሌላ በር ጠበቃቸው። ፋሪ የግመሉ መንገድ የሚያበቃበት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ዳገት ለበቅሎና ለሰው እግር ብቻ ነው። የቦታው አዛዥ የይፋት አበጋዝ ወላስማ መሐመድ ነበር፤ የንጉሡ ወንድሞችና ዘመዶች የታሰሩበትን የጎንጮን ግዞትም የሚጠብቀው እሱ ነው። እንግዶቹ ጓዛቸውን ይዘው በፈለጉበት ጊዜ ወደ ንጉሡ ከተማ ወደ አንኮበር መውጣት አልቻሉም። ጓዙ እንዴትና በማን እንደሚጫን ከአበጋዙ ጋር መጨቃጨቅ፣ ከዚያም አልዩ አምባ በተባለችው የገበያ ከተማ ተቀምጠው የንጉሡን ፈቃድ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ጓዛቸው ዳገቱን የወጣው በአካባቢው ሰዎች ጫንቃ ነው። ኋላ በንጉሡ ፊት መድፍ ተተኩሶ መኳንንቱ ሲደነቁ ሃሪስ በኩራት ጽፎታል። ያ መድፍ እዚያ ሜዳ ላይ የደረሰው ግን የይፋት ሰው ተሸክሞት ነው።

ውጤቱስ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. ኅዳር 16 ቀን 1841 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ሃሪስ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ተቀምጦ በ1843 መጀመሪያ ወጣ። ንጉሡ ጠመንጃውን ተቀበለ፣ ነጻነቱን አልሰጠም፤ በዚያው ዓመት ከፈረንሣይ ጋርም ሌላ ውል ተፈራረመ። እንግሊዞቹ ወደ ውስጥ አገር በነጻነት የሚመላለሱበትን መንገድ ሳያገኙ ተመለሱ። በዚያው ዘመን አልዩ አምባ የኖረው እንግሊዛዊ ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ የሃሪስን አኳኋን መተቸቱም የሚያስገርም አይደለም። የገበያውን ሰው በቅርብ ያየ ሰው ነገሩን ከመድፉ ጎን ቆሞ ካየው ይልቅ ጠለቅ አድርጎ ይረዳዋል።

ይህ የይፋት ብቻ ዕጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1541 ምጽዋ የወረዱት 400 የፖርቱጋላዊው ክሪስቶቫው ዳ ጋማ ነፍጠኞች በመጀመሪያ ድል ያገኙት ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ መንገድ ከፍቶላቸው ነው። በ1542 ወፍላ ላይ ግን ግራኝ አሕመድ የቱርክ ነፍጠኞችን አስጨምሮ መታቸው፤ መሪያቸውም ተማርኮ ተገደለ። የተረፉት ከአፄ ገላውዴዎስ ሠራዊት ጋር ተዋሕደው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ግራኝን ድል አደረጉ። ነፍጥ በሁለቱም ወገን ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው አገሩን የሚያውቅ ሠራዊት መጨመሩ ነው። በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒዬር ወደ መቅደላ ሲወጣ ደግሞ 13,000 ያህል ወታደር፣ ዝሆኖችና ከዙላ ወደብ የሚነሣ የባቡር ሐዲድ አስፈልጎታል። ያም ሆኖ ዘመቻው የተሳካለት የትግሬው ደጃዝማች ካሣ ምርጫ መንገዱን ስለፈቀደና እህል እንዲገዛ ስላደረገ ነው። እንግሊዞች ለካሣ በምስጋና ትተውለት የሄዱት መሣሪያ ይህን ውለታ እንደሚያውቁ ያሳያል።

በይፋት ቆላ ወዳለችው ወደ ሸዋ ሮቢት እንመለስ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ሠራዊት በብዙ መቶ መኪናዎች ተጭኖ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ በዚህ ቆላ አለፈ። ጠላት «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብሎ በጋዜጣው የሰበከለት ሰልፍ ነው። ከሮቢ ወንዝ ሜዳ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ጣርማ በር ይወጣል። እዚያ አፋፍ ላይ ኢትዮጵያውያን መንገዱን አፍርሰውት ነበር። ዝናቡም ጀምሯል፤ መኪናዎቹ ጭቃ ውስጥ ተሰልፈው ቆሙ፤ ወታደሩ ድንጋይ እየተሸከመ ገደሉን ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ለፋ። በእግር የሚጓዙት የኤርትራ አስካሪዎች ከመኪናው ቀድመው አዲስ አበባ ዳርቻ መድረሳቸው ነገሩን ሁሉ ይናገራል። ያን ዕለት ጣርማ በር ላይ የዘመኑ ምርጥ ሞተር በአካፋና በዶማ በተቆፈረ ጉድጓድ ፊት ቆሟል።

እዚህ ላይ አንባቢ ጠንካራ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፤ መነሣትም ይገባዋል። «ታዲያ መሣሪያ ምንም አይደለም ልትል ነው? ሠልፉ በመጨረሻ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ አልገባም?» ገብቷል። የማይጨው ሠራዊት የተሰበረው በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ ጭምር ነው፤ በጋዝ የተቃጠለውን ሰው መከራ የሚያሳንስ ቃል ከእኔ አይወጣም። የእኔ ሙግት መሣሪያ ሠራዊት ይሰብራል፣ አገር መያዝ ግን ሌላ ሥራ ነው የሚል ነው። ጣሊያን በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት በሰሜን ሸዋ የያዘው በአብዛኛው አውራ ጎዳናውንና ምሽጉን ነበር፤ ከመንገዱ ወጣ ሲል አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች ይጠብቁታል። ጣርማ በር ላይ ተራራ ፈልፍሎ ዋሻ የሠራውም መኪናው ያለ መንገድ ከንቱ መሆኑን በገዛ ዓይኑ ስላየ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ በዚያ ዋሻ ያልፋል።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ የደሴ መንገድ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ከተማ ድረስ ሲዘልቅም የአካባቢው ሰው ይህንኑ እውነት እንደገና ቀመሰው። ጦርነት በመንገድ ይመጣል፤ በመንገዱ ዳር ያለው ሰው ማሾውንና ሽንኩርቱን፣ ከብቱንና ቤቱን ጥሎ ይሰደዳል። በአኒሜው ውስጥ ስደተኞቹ ወታደሮቹ የሚያድኗቸው ምስኪኖች ብቻ ናቸው። በእውኑ ዓለም ግን የመንገዱ ዳር ሰው ምስኪን ብቻ ሆኖ አያውቅም። መንገዱን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ያስከፍላል፣ ያፈርሳል፣ ይመራል፤ ዋጋውንም ከሁሉ በፊት ይከፍላል።

የሰፈነው አስተያየት ሁለተኛም ስሕተት አለበት። ከበሩ ማዶ ያለው ዓለም ስለ ውጭው አንዳች የማያውቅ አድርጎ ያስባል። ይፋት እንዲህ ሆና አታውቅም። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የነገሠባት፣ አል ዑመሪን የመሰሉ የዐረብ ጸሐፍት በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፉላት አገር ናት። በአቀበቱ ላይ ያለችው የኖራ የመስጊድ ፍርስራሽ ያንን ዘመን ዛሬም ትመሰክራለች። አርጎባው፣ አፋሩ፣ አማራውና ኦሮሞው በአልዩ አምባ ገበያ ጨውና ቡና፣ ጨርቅና እህል ሲለዋወጡ ከቀይ ባሕር ማዶ ያለው ዓለም ወሬ ሁሌም ይደርሳቸው ነበር። ሣህለ ሥላሴም ሃሪስ ከመምጣቱ በፊት ጠመንጃ ነበረው፤ እንግሊዝና ፈረንሣይ ምን እንደሚፈልጉ አበጥሮ ያውቅ ነበር። ድንቅ አገር ገባሁ ብሎ የተገረመው እንግዳው ነው እንጂ ባለአገሩ እንግዳ መቀበልን የለመደ ነበር።

ይህን ሁሉ የምለው ወጣቱ አኒሜ አይይ ለማለት አይደለም። የሥዕሉ ጥራት፣ የታሪኩ ፍጥነትና የገጸ ባሕርያቱ ፍቅር ምን ያህል እንደሚስብ አውቃለሁ፤ እኛም ከዚህ ጥበብ የምንማረው ብዙ ነው። የምቃወመው ከዚያ ሥዕል ተነሥቶ ስለ ራስ ታሪክ ፍርድ መስጠትን ነው። «መሣሪያ አልነበረንምና ተሸነፍን፤ ስናገኝ አሸነፍን» የሚለው አጭር ታሪክ አበጋዙን፣ ግመል ነጂውን፣ ጓዝ ተሸካሚውን፣ መንገድ ያፈረሰውን ገበሬና ስንቅ ያቀበለችውን ሴት ከገጹ ያስወጣቸዋል። እነሱ ከወጡ ደግሞ የይፋት ቆላ ሠራዊት የሚያልፍበት ባዶ መተላለፊያ ሆና ትቀራለች።

ስለዚህ ለታሪክ ተመራማሪዎች የማቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። የሃሪስን፣ የሚስዮናዊው የክራፕፍንና የጆንስተንን መጻሕፍት ከመድፉ አቅጣጫ ማንበቡ ይብቃን፤ ከፋሪና ከአልዩ አምባ አቅጣጫ እናንብባቸው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ቅርብ ነው፤ በይፋት፣ በቀወትና በአንኮበር ያሉ አዛውንት ስለ ሲራራ መንገዱ፣ ስለ ኬላውና ስለ አርበኝነቱ ዘመን የሚነግሩት ቃል ሳያልፍ ይቀዳ። ሥዕልና አኒሜሽን የምትሠሩ ወጣቶችም የራሳችሁን የበር ታሪክ ሥሩ፤ በር ጠባቂውን ዋና ገጸ ባሕርይ አድርጉት። የሩቅ አገር ጦር ይፋት በገባ ቁጥር እስከ የት እንደሚደርስና በምን ዋጋ እንደሚመለስ ሲወስን የኖረው የመንገዱ ሰው ነው፤ የታሪኩም ባለቤት እሱ ነው።