መኪናው ቢጫ ካርድ አለው፤ እኛስ?

በመተማና በገላባት መካከል ለምትመላለሱ፣ ገዳሪፍ ላይ ለምታራግፉ፣ እዚህ ካርቱም ዴምና ጀሪፍ ውስጥ ሱቅ ከፍታችሁ፣ ጀበና ጥዳችሁ ለምትኖሩ ወገኖች ሁሉ። ዛሬ ስለ ሰሊጥ ዋጋም ስለ ምንዛሬም አንጽፍም። ስለ ራሳችን ጤና ነው የምንጽፈው። የምንለው የሚከፋው ሰው ይኖራል። እኛንም ከፍቶናል፤ ጥፋቱ የእኛም ነውና።

ባለፈው ክረምት አንዲት እህታችንን ቀብረናል። ስሟን አንጠራም፤ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ዴም ውስጥ ለዓመታት ቡና አፍልታ፣ ከሻ በመጣ ቁጥር ረከቦቷን ተሸክማ እየሮጠች፣ ልጆቿን ጎንደር ላይ ያስተማረች ሴት ናት። ደም ግፊት ነበረባት። በየቀኑ የምትውጠው መድኃኒት ነበራት። የካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥት የዶላሩን ይፋ ምንዛሬ ከ55 ፓውንድ ወደ 375 ሲያደርሰው፣ ድሮም እየጨመረ የነበረው የመድኃኒት ዋጋ ጭራሽ አልቀመስ አለ። እሷም አንድ ቀን እየዋጠች አንድ ቀን መዝለል ጀመረች። ለማንም አልተናገረችም። አንድ ቀን ጠዋት ጀበናውን እንደያዘች ወደቀች።

የወሰድንበት ሆስፒታል ቅድሚያ ክፍያ ካልተከፈለ አላስተኛም አለ። በረክሻ ከሱቅ ሱቅ እየዞርን ስንለምን መሸ። ገንዘቡ ሲሟላ እሷ መናገር አቁማ ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

አሁን አሳፋሪው ነገር ይመጣል። ሬሳዋን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስፈልገው ገንዘብ፣ የሳጥኑም የወረቀቱም የአውሮፕላኑም፣ በአንድ ማታ ተዋጣ። ማንም አልተለመነም። ሰው በራሱ እግር እየመጣ ሰጠ። ቆይተን ቁጭ ብለን ስናሰላው፣ ያ ገንዘብ የግፊት መድኃኒቷን ለዓመታት ይገዛላት ነበር። ለሬሳዋ ያልሰሰትነውን ለነፍሷ ሰሰትን። አልሰሰትንም፣ ዘግይተን ነው እንበል ይሆናል። ለታመመ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው።

እስቲ እንደ ነጋዴ እናስብ። ድንበር ተሻግሮ የሚሄደው መኪናችን ቢጫ ካርድ አለው። ኮሜሳ ይህን የተሽከርካሪ መድን ካቋቋመ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ኢትዮጵያም ሱዳንም አባል ናቸው። በአንዱ አገር የተገዛ ካርድ በሌላው አገር ይሠራል። መኪናው ሱዳን ውስጥ ሰው ቢገጭ፣ ንብረት ቢሰብር፣ ካሳ የሚከፍል አለ። በአደጋው ሾፌሩና ተሳፋሪው ቢጎዱም ለሕክምናቸው ይደርሳል። እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት። ከካርቱም እስከ ገላባት ባለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ላይ ለሕክምናችን መድን የሚኖረን መኪናው ከተጋጨ ብቻ ነው። ከመኪናው ወርደን ወባ ቢይዘን፣ ምጥ ቢመጣብን፣ ስኳራችን ቢነሳ የሚያውቀን የለም።

ሌላም ቢጫ ካርድ አለን፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ያ ካርድ የሚጠየቀው በሽታ ይዘን እንዳንገባ ነው። ተገቢ ነው፤ አንቃወምም። ግን ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ። አንዱ መኪናውን ይጠብቃል፣ ሌላው አገሩን ከእኛ ይጠብቃል። እኛን የሚጠብቅ ሦስተኛ ካርድ የለም።

«መንግሥት የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ያሉትን በሮች አንድ በአንድ አንኳኩተናል።

ሱዳን የጤና መድን አላት፤ ተእሚን ሲሂ የሚሉትን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ካርዱ ያለው ሱዳናዊ ጎረቤታችን የመድኃኒቱን ሩብ ዋጋ ብቻ ከፍሎ ሲወጣ እኛ ሙሉውን እንከፍላለን። መድኑ የተሠራው ከደመወዙ ለሚቆረጥለት ተቀጣሪና ለአገሬው ቤተሰብ ነው። እኛ ደመወዝተኞች አይደለንም፤ ብዙዎቻችን ኢቃማችንን በጊዜው ማሳደስ እንኳ አልቻልንም።

ወደ አገር ቤት እንዙር። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። ዛሬ በብዙ ወረዳ ተስፋፍቷል። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ካርዱን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል። መልካም ሥራ ነው፤ እናቶቻችን እየታከሙበት ነው። የእናቶቻችንን መዋጮ የሚልከው ማን ነው? እኛ ነን፤ ከዴም፣ ከቡናው ገንዘብ። እኛ ግን የመተማን ድልድይ ከተሻገርን ያ ካርድ ወረቀት ነው።

የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ 690/2002 የወጣው ለተቀጣሪና ለጡረተኛ ነው፤ እሱም ራሱ ሥራ ላይ ሳይውል ስንት ዓመት ተንከባለለ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 ለሠራተኛው መድን እንዲገባለት ያዛል፤ ግን የሚናገረው በሕጋዊ ስምሪት ስለሚሄድ ሠራተኛ ነው። እኛን ማንም አልላከንም። በራሳችን እግር መጣን፣ በራሳችን ገንዘብ ነገድን። ሐዋላ ስንልክ ዜጋ ነን፤ ስንታመም ግን የማንም አይደለንም።

ይህን ሁሉ ያልነው መንግሥትን ረግመን ወደ ሱቃችን ለመመለስ አይደለም። ኮሜርስ የተማርን ከመካከላችን አለን፤ ያኔ ከተማርነው ዛሬም ያልረሳነው አንድ ነገር ቢኖር፣ የሚመጣው ዕዳ እየታወቀ መጠባበቂያ የማይዝ ድርጅት ከስሮ ሳለ ያተረፈ ይመስለዋል የሚለው ነው። በሽታ የሚመጣ ዕዳ ነው። ማን ላይ እንደሚወድቅ ባናውቅም ከመቶ ሰው ላይ በዓመቱ ጥቂቱን እንደሚያገኝ እናውቃለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚሁ ነው። መድን ማለት ይኸው ነው፤ የፈረንጅ ጥበብ አይደለም። ሱዳኖችም ያውቁታል፤ በ1979 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተካፉል ኩባንያ የተቋቋመው እዚሁ ሱዳን ነው። ተካፉል ማለት ተያይዞ መዋስ ነው። የሱዳን ሴቶች ሰንዱግ የሚሉት የእኛው እቁብ ነው። እኛም እድር አለን። እድራችን ግን የሚያውቀን ስንሞት ብቻ ነው።

ስለዚህ የምንለው አንድ ነው፦ የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ይለወጥ። ሰው ሳይሞት በፊት ይድረስ።

«ጤና ከእግዚአብሔር ነው፤ ለበሽታ ገንዘብ ማስቀመጥ በሽታ መጥራት ነው» የሚሉ አሉ። ሰሊጡንም የሚያበቅለው እግዚአብሔር ነው፤ እኛ ግን ዝናብ ሲመጣ ሸራ እናለብሰዋለን። ለሞት የምናዋጣው ሞትን ጠርተን ነው እንዴ?

«ጤነኛው አይገባም፤ በሽተኛው ብቻ ይመጣል» ይባላል። እውነት ነው፤ ይህ መድንን የሚያፈርስ ነገር ነው። መድኃኒቱ ግን እድራችን ውስጥ አለ። እድር ውስጥ ያለ ሁሉ በግዴታ ይግባ፤ አዲስ የገባ ሦስት ወር ከፍሎ ይጠብቅ።

«ፓውንዱ እያደር ይቀልጣል፤ ምን እናስቀምጣለን?» ይህ የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የነጋዴ ነው። ፓውንድ አናስቀምጥ። የወሩ መዋጮ በተሰበሰበ ማግስት ከአንድ ክሊኒክና ከአንድ ሰይደሊያ ጋር ውል ገብተን፣ የአባሎቻችንን ዝርዝር ሰጥተን፣ አስቀድመን እንክፈል። የግፊት፣ የስኳር፣ የወባ መድኃኒትና የእርጉዝ ክትትል ከዚያ ይጀምር። ለከባዱ ሕመም ደግሞ የእድሩ የዋስትና ደብዳቤ ይኑር። ለዕቃ ዱቤ ዋስ ስንሆን ኖረናል፤ አንዲት ሴት አልጋ እንድታገኝ ዋስ መሆን ያቅተናል?

«ገንዘቡን ማን ይይዛል?» ሦስት ፈራሚ ይኑር፤ ቢያንስ አንዷ ከቡና ሻጮቹ ትሁን፤ ቶሎ የሚወድቁት እነሱ ናቸውና። የገንዘቡ ሒሳብ በየወሩ ይነበብ፤ የታካሚው ስምና የሕመሙ ዓይነት ግን በጭራሽ አይነበብ። ሰው በሽታው በዴም ሁሉ እንደሚወራ ካወቀ ታሞ ዝም ይላል፤ እህታችንም ዝም ብላ ነው የሞተችው።

አንድ ነገር ደግሞ ከኮሮና ተምረናል። ሚያዝያ 2012 ካርቱም ስትዘጋ፣ ሻይና ቡና መሸጥ ሲከለከል፣ ሁላችንም በአንድ ቀን ገቢ አጣን። አዋጪውና ተረጂው አንድ ሰው ሆነ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሥራ ብቻ የታጠረ መዋጮ በክፉ ቀን አብሮ ይደርቃል። ስለዚህ የካርቱሙ ከገዳሪፉ፣ የገዳሪፉ ከመተማው፣ የመተማው ከጎንደሩ ጋር ይያያዝ። እዚህ ሲዘጋ እዚያ ክፍት ይሆናል። ካርቱም የተመዘገበ አባል መንገድ ላይ ታሞ ገዳሪፍ ቢወርድ የገዳሪፉ ወንድም «ከየት ነህ?» ሳይል ይቀበለው። ሒሳቡን በኋላ እንተሳሰባለን፤ መተሳሰብ እንደሆነ ሥራችን ነው።

ይህን ከሠራን በኋላ ነው መንግሥታቱን የምንጠይቀው። ያን ጊዜ የምንቀርበው ስምና ሒሳብ ይዘን ነው፤ ለማኝ አንሆንም። ኤምባሲያችን የእድራችንን ዋስትና በማኅተሙ ያጽናልን። የአገር ቤት የጤና መድን መዋጮ የሚከፍል ቤተሰብ ሱዳን ያለ አባሉም ይቆጠርለት፤ ቢያንስ ገዳሪፍ ላይ ካለ አንድ ሆስፒታል ጋር ውል ይግባ። ኮሜሳም ያስብበት፤ ለጎማና ለሞተር የተቻለ ለሰው የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን ተረት ልጅ ሆነን በየጤና ጣቢያው ግድግዳ አንብበናል። ማንበቡ አልጠቀመንም።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ከመምጣታችሁ በፊት ደንባችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። «ሞት» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደተጻፈ፣ «ሕመም» የሚለው ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ቁጠሩ። እኛ የራሳችንን ቆጥረናል። ሕመም የሚለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም አባል ከቀብር ከቀረ በምን ምክንያት ከመቀጫ ነፃ እንደሚሆን የሚናገረው አንቀጽ ላይ ነው።