የጣሪያው ትርፍ ለምን አይታሰብም?

ከወገዳ ወጣ ብሎ በስማዳ ገጠር ቆርቆሮ ላይ የተሰቀለ ሶላር፣ በበጋ ፀሐይ ቀትር ሳይሆን ባትሪውን ሊሞላው ይችላል። ባትሪው ከሞላ ተቆጣጣሪው ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ያለው ፀሐይ ለማንም አይውልም። ይህን እንደ ብክነት የሚቆጥር የለም። ሶላር መብራት እስኪገባ መቆያ ነው፣ መስመሩ ሲመጣ ይነሣል የሚለው አመለካከት ከቢሮ እስከ መንደር ሥር ሰዷል። አመለካከቱ ስሕተት ነው።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ መርሐ ግብር 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ለማዳረስ አቅዶ ነበር። በሁለቱም በኩል ቤተሰቡ የታሰበው ተቀባይ ሆኖ ነው። ኬንያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው የኢነርጂ ሕግ የደንበኛውን ትርፍ ኃይል ከሂሳቡ ማቀናነስን ፈቅዳለች፤ ዝርዝር ደንቡንም በ2024 አውጥታለች።

«የዓባይ ግድብ 5,150 ሜጋዋት እያለ የጣሪያ ሶላር ምን ይፈይዳል?» ይባላል። ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ የመነጨ ኃይልና ጋይንት ላይ የመነጨ ኃይል ዋጋቸው አንድ አይደለም። በመካከላቸው ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና በመንገድ የሚባክን ኃይል አለ። ትራንስፎርመር ሲቃጠል የግድቡ መሙላት ለጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ አይደርስለትም። ስለዚህ ትርፉ በዝቅተኛው ታሪፍ ቢታሰብ ፍትሕ አይሆንም። ለረጅም ዓመታት የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት እያንዳንዳቸው ከ30 ሳንቲም በታች ይሸጡ ነበር፤ በዚህ ሂሳብ ፓኔል የሚገዛ አይኖርም። መለኪያው ኃይሉን ከሩቅ አምጥቶ እስቴ ወይም ወገዳ ለማድረስ የሚወጣው ወጪ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ግን መሸፋፈን አይገባም። ከመስመር ጋር የተያያዘ ተራ ኢንቨርተር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ እንዳይሞት የግድ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ሂሳብ ማቀናነስ ብቻውን አይበቃም። መስመሩ ሲቋረጥ ራሱን ለይቶ ቤቱን የሚያበራ፣ ባትሪ ያለው ኢንቨርተር ያስፈልጋል።

የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ገጠር ድረስ የሚሠራ መመሪያ ያውጣ። የሚገባውንም የሚወጣውንም ኃይል የሚለካ ቆጣሪ ይግባ፤ ከጤና ጣቢያዎችና ቅዳሜና እሑድ ከሚዘጉ ትምህርት ቤቶች ይጀመር። የሶላር ባለቤቱም ያመነጨው ኃይል ይታሰብለት።