ለስለቱ ወይስ ለሰገባው?

“ቅርስ አጠፋህ!” ተባልኩ። ወንጀሌ ጸጉር አስተካካይ ከነበሩት ከሟች አጎቴ የወረስኩትን ታጣፊ ምላጭ አዲስ እጀታ ማልበሴ ነው። ፈራጁ አሮጌ ዕቃ መሰብሰብ የሚወድ የባንክ ባልደረባዬ ሲሆን “የተነካ ቅርስ፣ ቅርስ አይደለም” ባይ ነው። ቀን የሰው ገንዘብ ስቆጥር ስለምውል መልሴን ማታ ጻፍኩት።

ውድ አንባቢ፣ የዚህ ዓይነት ምላጭ እጀታ ሰገባም ጭምር ነው፤ ስለቱ ታጥፎ የሚያድረው በሁለቱ ገጾቹ መካከል ነው። የአጎቴ ምላጭ አንገቱ ላይ “ዞሊንገን” የሚል የጀርመን ከተማ ስም ተቀርጾበታል። እጀታው ግን የዝሆን ጥርስ መስሎ የተሠራ ሴሉሎይድ ነበር። ሴሉሎይድ ብቻውን አይሞትም። ሲበሰብስ የሚያወጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ከአየር እርጥበት ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ያቀፈውን ብረት ይበላል። እንዳለ ይቀመጥ ማለት እንግዲህ ሰገባው ስለቱን በልቶ ይጨርስ ማለት ነው። ይህ አክብሮት ከሆነ ቸልተኝነት ምን ሊባል ነው?

“የመጀመሪያው ሠሪ እንዳደረገው ይሁን” ይላሉ። የትኛው ሠሪ? በዞሊንገን ብረቱን የሚቀጠቅጠው፣ የሚያጠነክረው፣ የሚስለውና እጀታውን የሚገጥመው የተለያዩ ባለሙያዎች ነበሩ። እጀታ መግጠም ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። “ቢቀየርም በእውነተኛ የዝሆን ጥርስ ይሁን” ለሚሉኝም መልስ አለኝ፤ የዓለም መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1989 የአፍሪካን ዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ ለማገድ የወሰኑት ያለ ምክንያት አይደለም።

በሌላው ጽንፍ ካሉትም ጋር አልስማማም። እነርሱ ምላጩን በሞተር ፍቀው እንደ መስታወት ያበሩታል፤ የሠሪው ማኅተም ይጠፋል፤ ብረቱም በሰበቃው ግሎ ጥንካሬውን ያጣል። ያ ማደስ ሳይሆን መግደል ነው። እኔ ዝገቱን በእጄ በቀስታ አነሳሁ፤ ማኅተሙን አልነካሁም፤ ጥቁር ነጠብጣቦቹንም የዕድሜው ምስክር ይሁኑ ብዬ ተውኳቸው።

አዲሱ እጀታ የበሬ ቀንድ ነው። ዋንጫ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሁለት ስስ ገጾች አወጡልኝ። ቀንድ ለዚህ ዕቃ እንግዳ አይደለም፤ የእንግሊዝ ሼፊልድ ሠሪዎችም በብዛት ተጠቅመውበታል። በናስ ችንካርና በትናንሽ ሮንዴላዎች አያያዝኩት። መዶሻው ሲበዛ ቀንዱ ይሰነጠቃል፤ ሲያንስ ምላጩ ይላላና ስለቱ ከእጀታው ይጋጫል። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

አሮጌውን እጀታ ስፈታ ያገኘሁትን ነገር ለባልደረባዬ እስካሁን አልነገርኩትም። ከችንካሮቹ አንዱ ተቆርጦ የተመታ ተራ የቤት ምስማር ነበር። አጎቴ ራሳቸው ቀይረውታል! ያልተነካ ቅርስ የተባለው ከእኔ በፊት ተነክቶ፣ ስለተነካም ሠርቶ፣ ስንቱን ሙሽራ አሳምሮ ኖሯል። እኔ ያጠፋሁት ቅርስ የለም፤ የአጎቴን ሥራ ቀጠልኩ እንጂ። ምስማሩን ግን አልጣልኩትም፤ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ለከሳሼ ከዚህ ሌላ ያለኝ ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፦

ስለት አለብኝ ሲል ሰገባውን ሳመ፣
ውስጥ ያለው ስለት ግን በዝገት ታመመ።